የጥላዬ ጠርሙስ

ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁሉም እንደኔ ነርሶች ናቸው፣ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ወደሚገኝ አንድ ቢራ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አስተናጋጁ ጢሙን ያጎፈረ ወጣት ነው። ከምድር ቤት አንድ ትልቅ ጠርሙስ አቅፎ አመጣና ያስረዳን ጀመር። ላምቢክ የሚባል የቤልጅየም ቢራ ነው፤ እርሾው በሰው እጅ አይጨመርበትም፣ ከአየር ላይ ራሱ ይገባል፤ ጠርሙሱ በጎኑ ተኝቶ በቆየ ቁጥር እየተሻለው ይሄዳል፤ ትልቅ ጠርሙስ ደግሞ ከትንሹ ቀስ ብሎ ያረጃል። ባልደረቦቼ እንደ ስብከት ያዳምጡታል። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ልጁ ምን በደለ? ምንም አልበደለም። ነገር ግን "በቆየ ቁጥር ይሻለዋል" የሚል ሰው ፊት መቀመጥ አልችልም። በዚህ ቃል እናቴን ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አታለዋታል፤ እኔንም አብረው።

እኔና እናቴ አበዛሽ ከካርቱም አትላንታ የገባነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ ጥላዬ አንዲት ወረቀት ጎድላው ኋላ ቀረ። "እናንተ ቅደሙ፤ እኔ ምን አለኝ፣ ሻንጣ እንኳ የለኝ፣ ቶሎ እከተላችኋለሁ" ብሎን ነበር። ክላርክስተን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አገኘን። እናቴ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። አውቶቡስ ቀያይራ ቤት ስትገባ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ትነክርና ስለ አባቴ ታወራኛለች። እኔ ደግሞ ስለ አባቴ ከማስታውሰው እሷ የነገረችኝ ይበዛል።

የራሴ ትዝታ አንድ ነው። ካርቱም ውስጥ ሴቶቻችን ተደብቀው ጠላ ይጠምቁ ነበር፤ ቀምሶ የሚፈርድላቸው አባቴ ነው። አንድ ጉንጭ ይጎነጭና አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል። "ይቺስ ተቸኩሎባታል" ካለ ጠማቂዋ አንገቷን ትደፋለች፤ ሌሎቹ በሳቅ ይሞታሉ። እኔ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ዓለምን የሚያስተዳድረው እሱ ይመስለኝ ነበር።

ዘገዬ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው። ካርቱም አንድ ግቢ ውስጥ ኖረናል፤ ከእኛ ቀድሞ አሜሪካ ገባና ኢስት ፖይንት በሚገኝ ፓኬጅ ስቶር፣ መጠጥ መሸጫ ማለት ነው፣ ሥራ ያዘ። ባለሱቁ በወታደርነቱ ዘመን አውሮፓ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ለራሱ አምሮት ሲል ያን የቤልጅየም ቢራ ያስመጣል። ገዢ ግን የለውም። አንድ ቀን ዘገዬ ትንሿን ጠርሙስ ይዞ ቤታችን መጣ።

"አበዛሽ፣ እስቲ ቅመሺ። ፈረንጅ ጠላ ይጠምቃል ብልሽ ታምኛለሽ?"

እናቴ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ ደግማ ቀመሰች። "ኧረ የፈጣሪ ያለህ! የሰነበተ ጠላ እኮ ነው! ጌሾው ብቻ ነው የጎደለው።"

"ከስተመሩ ሁሉ 'ኤክስፓየር አድርጓል' እያለ ነው የሚመልሰው።"

"አላወቁበትማ! ጥላዬ ቢቀምሰው ምን ይል ይሆን?" አለችና አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለቱም ሳቁ።

የአባቴ ጉዳይ "አፕሩቭ ሆኗል" የተባለ ዕለት እናቴ እጄን ይዛ በቀጥታ ዘገዬ ሱቅ ሄደች። ከመደርደሪያው ሥር ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጠርሙስ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቡሹ በሽቦ ታስሯል፤ በአንድ ጎኑ ላይ ነጭ ቀለም ተሰምሮበታል። ተኝቶ ሲቀመጥ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ነው አሉ።

"ይሄንን" አለች።

"አበዛሽ፣ ይሄ እኮ የድግስ ነው።"

"ጥላዬ ሲመጣ ድግስ የለም እንዴ?"

ዘገዬ ሳቀ። ያን ጊዜ ሳቁ የእውነት ነበር፤ ይሄን አልነፍገውም። "ታዲያ ዛሬ አይከፈትም። ባለሱቁ እንደሚለው ዓመት ሁለት ዓመት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በጎኑ መተኛት አለበት።"

"እሱ እስኪመጣ ይተኛላ" አለች እናቴ።

የእኛ አፓርታማ በበጋ ምድጃ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ጋሽ ኃይለማርያም ቤት ገባ። ጋሽ ኃይለማርያም የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስቶን ማውንቴን ውስጥ ምድር ቤት ያለው ቤት የገዙ የመጀመሪያው ሰው። በአንቱታ ነው የምጠራቸው፤ ብናደድባቸውም አንቱታውን አልቀማኋቸውም። ጠርሙሱን ግድግዳው ሥር፣ ሁለት ሳንቃ መሐል አስተኙት። እሑድ ከጸሎት በኋላ እኔና እናቴ እንደ ታማሚ እንጠይቀዋለን። እናቴ አቧራውን በመዳፏ ጠረግ ታደርግና "በርታ" ትለዋለች።

እኔ በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን ገለበጥኩት። ጠርሙሱ አባዬን የሚጠብቅ ሳይሆን አባዬ ጠርሙሱን የሚጠብቅ መሰለኝ። ጠላ አዋቂ ነዋ! ተቸኩሎበት የተከፈተ ነገር አይጠጣም። መጠጡ ሲሆን አውሮፕላን ይሳፈራል። ስለዚህ አለቃው ዘገዬ ነው። ከቤልጅየም ቢራ ጋር የሚተዋወቀው እሱ ብቻ ነዋ። በመጣ ቁጥር "ጋሼ ዘገዬ፣ ሆነ?" እለዋለሁ።

"ገና ነው ሉሊቴ" ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ ፀጉሬን እያሻሸ ነበር የሚለኝ። ጠርሙሱ በገባ ዓመት፣ ከበጋው በኋላ ግን ፊቴን ሳያይ ይለኝ ጀመር። ለራሱ ሊጠጣው የፈለገ መሰለኝ፤ ጠላሁት።

በዚያው በጋ አንድ ቅዳሜ ወንዶቹ ጋሽ ኃይለማርያም ጓሮ ተሰብስበው ነበር። እናቴ ኦቨርታይም ሥራ ላይ ናት፤ እኔን የምትጠብቀኝ እትዬ የሺእመቤት ናት፣ የእናቴ ጓደኛ። አንድ የማላውቀው ሰው መሐላቸው ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ ያወራል። ዘገዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጠጋ ስል ጋሽ ኃይለማርያም "አሁን አይሆንም፤ ትንሽ ይቆይ" ሲሉ ሰማሁ። ሌሎቹ "ይቆይ፣ ይቆይ" አሉ። እኔ እግሬን መሬት ላይ መታሁ። ከጠርሙሱ ሌላ ስለ ምን ያወራሉ?

የማላውቀው ሰው ተክሌ ይባላል፤ በዚያ ሳምንት ከካርቱም የገባ ነው። አባቴ በወባ ከሞተ ወር ሆኖት ነበር። ተክሌ ቀብሩ ላይ አፈር አልብሷል።

መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ይሄ ይገባኛል። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ደግ ልማድ ነው። አገር ቤት ግን ዘመድ እስኪሰበሰብ ቢዘገይ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይዘገያል። እዚህ የሚሰበሰብ ዘመድ የለ፤ ስለዚህ ማቆሚያ አልነበረውም። ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል? ሺፍቷ ይለወጥላት። መንጃ ፈቃድ ታውጣ። ልጅቷ ክፍል ትዛወር። አሁን ጾም ነው፣ ጾሙ ይፈታ። አሁን በዓል ነው፣ በበዓል መርዶ አይነገርም። ምክንያት ሞልቶ! የኛ ሰው ለመርዶ የማይመች ቀን ፈልግ ከተባለ ማን ይቀድመዋል?

ዝም ብለው ቢቀመጡ እንኳ ምን ነበረበት። እነሱ ግን ውሸቱን ይቀልቡት ጀመር። ደብዳቤ ሲጠፋ "ፖስታው ተዘግቷል" አሏት። አባቴ ወረፋው ተላለፈበት አሉ፣ ወደ ሌላ ካምፕ ተወሰደ፣ ኢንተርቪው ፖስትፖን አደረጉበት። አንድ ቀን እትዬ የሺእመቤት ኩሽናችን ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች "ጥላዬን ያየው ሰው አለ፤ ወፍሯል አሉ" አለቻት። ወፍሯል! እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ጨፈረች። "ሱሪው ሁሉ ይጠበዋላ! አዲስ ልገዛለት ነው" አለች። ገዛችም። እኔም ወገቡን ሰፋ አድርጋ የያዘችውን ሱሪ አይቼ አባዬ ሆዱ እስኪንዘረጠጥ ድረስ ሲበላ ይታየኝ ነበር።

በጥር ወር የትዕግስት ሰርግ ሆነ። ትዕግስት የእናቴ የሥራ ጓደኛ ናት። እናቴ ቀይ ቀሚስ አሰፍታ ለበሰች። አዳራሹ መሐል ገብታ ትከሻዋን ስትመታ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀላት። ጋሽ ኃይለማርያም ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ዘገዬ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አያጨበጭብም። "ምቀኛ!" አልኩ በልቤ። እናቴ ያን ቀን ስድስት ወር ያለፋት የሙት ሚስት ነበረች፤ ከሷና ከኔ በቀር አዳራሹ ውስጥ ያለ የኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ለፋሲካ እናቴ ሁለተኛ ጠርሙስ ልግዛ አለች። ዘገዬ መደርደሪያው ፊት ቆሞ "አንዱ ይበቃል አበዛሽ" አለ።

"አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለእንግዳ። ምን አስጨነቀህ? የምትሸጥ አይደለህ?"

"ይቅርብሽ። ፕሊዝ።"

"ኧረ ወዲያ!" አለችና ራሷ ጎትታ አወጣችው። ዘገዬ ከእጇ ተቀብሎ ወደ መኪናው ተሸከመው። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። እኔ "ለራሱ ሊያስቀረው ነበር፣ አልሆነለትም" ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ። በሚቀጥለው ፋሲካ ሳምንት፣ ዳግማ ትንሣኤ ዕለት፣ ጋሽ ኃይለማርያም ቤት ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ እናቴ ምድር ቤት ወርዳ የመጀመሪያውን ጠርሙስ እንደታቀፈች ብቅ አለች።

"ዛሬ እከፍተዋለሁ። እሱ ሲመጣ ሁለተኛው አለለት። ገድ ይሁነኝ ብዬ ነው፤ ምናልባት ይሄ ጠርሙስ ይሆናል መንገዱን የዘጋው።"

እናቴም እንደኔ ታስባለች ማለት ነው!

"ገና ነው አበዛሽ" አለ ዘገዬ፤ ብድግ ብሎ ቆመ። "አንድ ዓመት ይተኛ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቢራ መቼ ነው የሚሆነው? ልጄ ስትዳር?"

ሰው ሳቀ፤ ግን አጭር ሳቅ ነው። እናቴ ሽቦውን ራሷ ፈታች። ቡሹ ጮኾ ወጣ፤ አረፋው እጇ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ የረጠበ ገለባ፣ ኮምጣጣ ፖም፣ የቆየ ምድር ቤት ይሸታል። ለሁሉም ቀዳች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለጋሽ ኃይለማርያም በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እሳቸው ሳይመርቁ የሚጠጣ የለም።

"ይመርቁልኝ ጋሽዬ።"

ተነሱ። "ይሄን ማዕድ እግዚአብሔር ይባርከው።"

"አሜን" አልን።

"ሉሊትን ያሳድግልን። የታሰረውን ይፍታልን፤ የታመመውን ይማርልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።"

"አሜን።"

ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ እናቴ እጃቸውን ያዘች። እየሳቀች ነበር። "ዋናውን ረሱት እኮ! 'ጥላዬን በሰላም ያምጣልሽ' ይበሉኝ እንጂ።"

ጋሽ ኃይለማርያም ብርጭቆውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ለምደውታል። ምርቃት ግን ለእግዚአብሔር የሚነገር ነው፤ የሞተ ሰው በሰላም ይምጣ ብሎ መመረቅ ድፍረት ነው። ለእናቴ የዋሹትን ለእግዚአብሔር መድገም አቃታቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። እሱን ፈሩ፤ እሷን ግን አልፈሯትም።

"ምነው? አንተ በላ ዘገዬ" አለች እናቴ፤ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። ዘገዬ ወለሉን ያያል። እትዬ የሺእመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃለች።

"እሺ እኔው ልበል። እግዚአብሔር ጥላዬን በሰላም ያምጣልኝ።" ዞራ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ። "በሉ እንጂ። አሜን የሚለኝ ጠፋ?"

"አሜን!" አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊት ልገልጸው አልችልም፤ አልሞክርምም።

ትዝ የሚለኝ ከዚያ ሰው ሁሉ ማልቀሱ ነው። አጠገቤ የነበረውን ብርጭቆ አንስቼ ቀመስኩት፤ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ነገሩ ገባኝ። ተበላሽቷል! ለዚህ ነው የሚያለቅሱት። ዘገዬ ልክ ነበር፤ ተቸኩሎበታል። እትዬ የሺእመቤት እየጎተተች ወደ ጓሮ ስታወጣኝ "ተበላሽቶ ነው?" አልኳት። "አዎ የኔ ልጅ" አለችኝ። "ተበላሽቶ ነው።" እሷ ውሸት ሲያልቅባት አላየሁም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትናደድ ስትናደድ፣ በቁርጥራጭ።

"መቼ?" አለቻቸው።

"ካቻምና" አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። "ካቻምና፣ በበጋው።"

"ካቻምና? ታዲያ የትዕግስት ሰርግ ላይ... ቀይ ለብሼ ጨፈርኩ እኮ! እርስዎ ያጨበጭቡልኝ ነበር እኮ!"

"ልጄ፣ ልብሽ እንዳይሰበር ብለን..."

"አንተስ?" አለች ወደ ዘገዬ ዞራ። "ሁለተኛውን ጠርሙስ ተሸክመህ መኪናዬ ውስጥ ስታስገባ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለ ዘገዬ።

"አርባው አለፈ። ሙት ዓመቱ አለፈ። ማን አስታወሰው? ጥላዬ እንደ ውሻ ነው የቀረው?"

ጋሽ ኃይለማርያም የሚያጽናኗት መስሏቸው "ኧረ አልቀረም! ፍትሐት አስደርገንለታል። በሙት ዓመቱ ዝክር አውጥተናል፤ ዳቦ ተቆርሷል" አሉ።

እናቴ ያን ዳቦ አስታወሰችው። ከጸሎት በኋላ የተሰጣት ነው፤ ጣፍጧት ሁለተኛ ጠይቃ ለእኔም በናፕኪን ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር።

"የባሌን ተዝካር አበላችሁኝ" አለች። "ሳላለቅስለት ተዝካሩን አበላችሁኝ! ለልጁም አስያዛችሁኝ!" የተቀዳውን ብርጭቆ ሁሉ በየእጃቸው አስያዘቻቸው። "ጠጡት። ለሱ ነው የገዛሁት። እናንተ እኔን አብልታችሁኛል፤ አሁን እናንተ ጠጡ።" ጠጡ። ማንም እምቢ አላለም። ዘገዬ እያለቀሰ ጨልጦ ሲጨርስ "ቤቴ እንዳትደርስ" አለችው፤ እስከ መጨረሻውም አልደረሰም። ሁሉም ዋሽተዋታል፤ በሩን የዘጋችው ግን በሱ ላይ ነው። የአባቴ ጓደኛ እሱ ነበራ።

ታዲያ ይቺ ሴት፣ ይሄን ሁሉ የተናገረች ሴት፣ ለእኔ ነገረችኝ? አልነገረችኝም! ጥቁር ለበሰች፤ "አክስቴ ሞታ ነው" አለችኝ። እኔ ሁለተኛው ጠርሙስ አለ ብዬ ሌላ አንድ ዓመት አባዬን ጠበቅኩ። አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጣ እውነቱን ስትነግረኝ ከማልቀሴ በፊት የተናገርኩት "አንቺም?" የሚል ነው።

"ልጅ ነበርሽ። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው።"

"እነሱስ ምን ነበር ያሉሽ?" ብዬ ጮኽኩ። ያን ጊዜ ምን እንዳሏት አላውቅም፤ እንዲያው ግን ገምቼ ነበር። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ ራሷ ቀድማኝ አለቀሰች።

አሁን እናቴ እኔ ጋ ትኖራለች፤ ደም ብዛት አለባት። በዚህ ጥር አንድ ማለዳ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለ። ደሴ ያለው የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ ንዋይ፣ አርፏል።

"ሉሊት፣ እንዳትነግሪያት። ብለድ ፕሬዠሯን ታውቂያለሽ። እሑድ ፍላይ እናደርጋለን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ በደንቡ..."

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ዛሬ ነው። እንዲያውም ሊወጣ ነው። ሊስን፣ እሷ ግን..."

ስልኩን ዘጋሁበት። ደሜ ፈልቷል። ከአባቴ መርዶ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አሁንም እሑድ! አሁንም በደንቡ! ኩሽና ስገባ እናቴ አጃ እያማሰለች ነበር። ምድጃውን አጠፋሁት። ማንኪያውን ከእጇ ተቀበልኳት።

"እማዬ፣ ጋሼ ንዋይ ሞተ።"

አየችኝ። "መቼ?"

"ትናንት ማታ።"

"የትናንት? የአሁኑ ትናንት?"

"አዎ እማዬ።"

ጮኸች። ደረቷን መታች፤ እጇን ያዝኳት፤ ወለሉ ላይ አብረን ተቀመጥን። ግፊቷን ለካሁላት፤ ከፍ ብሏል። ከፍ ይበላ! ወንድሟ ነው የሞተው። መድኃኒቷን ሰጠኋት። ከዚያ ደሴ ደወልኩና ስልኩን ምስሉን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላት። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ነው። እናቴ ተደግፋኝ ተነሳች፤ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከአልቃሾቹ ጋር ድምጿን አሰማች። እነሱም ከዚያ ማዶ ድምጿን ሰምተው "አበዛሽ ናት! አበዛሽ መጣች!" እያሉ ልቅሶውን እንደገና አነሱት። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አልተቀመጠችም።

ሲያልቅ ወንበር ሳብኩላት። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ለአንዱ እንኳ" አለችኝ፣ "በቀኑ አለቀስኩለት።"